የብረቱ ቤትና የእኛ ቆርቆሮ

በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ አንድ የታወቀ ቤት አለ። ግድግዳው ከብረት የተሠራ ስለ ሆነ በፖርቱጋሎች ቋንቋ «ካዛ ዴ ፌሮ»፣ ይኸውም «የብረት ቤት» ይባላል። ከተማዪቱ ገና ሎሬንሶ ማርኬስ በምትባልበት ዘመን፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ለአገረ ገዥው መኖሪያ እንዲሆን ታስቦ፣ ብረቱ በቤልጅግ ተዘጋጅቶ በመርከብ ከመጣ በኋላ በዚያው ተገጣጥሞ ቆመ። ዳሩ ግን ሙቀቱ የማይቻል ስለ ሆነ ገዥው አልኖረበትም። አሁን መንገደኛ ሁሉ ሳያየው የማያልፈው፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ቤት ነው።

በብዙ የጎብኚዎች መምሪያ ላይ ቤቱን የሠራው በ1889 እ.ኤ.አ. የፓሪሱን ግንብ ያቆመው ጉስታቭ ኢፍል ነው ተብሎ ይነበባል። ይህን አባባል አንቀበለውም። አሠራሩ የቤልጅጋዊው የጆዜፍ ዳንሊ ዘዴ መሆኑን የሥነ ሕንፃ ታሪክ ተመራማሪዎች አመልክተዋል። በፔሩ አገር በኢኪቶስ ከተማ ያለውም የብረት ቤት እንደዚሁ ለኢፍል ተሰጥቶ ይወራል፤ ስመ ጥር ሰው ያልሠራውም ይቆጠርለታልና። ጉዳቱ ግን በስም መለዋወጥ ብቻ አይወሰንም። ጎብኚው «ማን ሠራው?» እያለ ሲደነቅ «ማን ተኛበት?» ብሎ መጠየቁን ይተዋል። ለቤት ደግሞ ከሁለቱ የሚቀድመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ዳንሊ ስለ ሙቀት ያላሰበ ሰው አልነበረም። ግድግዳውን በሁለት ረድፍ የብረት ሉህ አድርጎ፣ አየር እንዲመላለስበት በመካከላቸው ባዶ ቦታ ተወ። በሉሁ ላይ በመኪና ተጭኖ የወጣው ቅርጽም ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ቀጭኑ ብረት እንዳይታጠፍ ያደነድነዋል። በዚህ ረገድ ብልሃቱን እናደንቃለን። ነገር ግን በውጭ ያለው ብረት ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ አይቆይም፤ ወደ ውስጥ ይልከዋል። ውስጠኛውም ብረት ነውና በተራው ይግላል። በጋለ ምጣድ ላይ ሌላ ምጣድ ቢደርቡበት የላይኛው ሳይግል አይቀርም። ስለዚህ ጉድለቱ ከሐሳቡ ሳይሆን ለውስጠኛው ረድፍ ከተመረጠው ነገር መጣ።

ይህን የሩቅ ቤት ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአዊ ምድር፣ በዳንግላም በእንጅባራም፣ ብረት የለበሰ ቤት በያለበት አለ፤ ስሙ ግን ቆርቆሮ ቤት ስለ ሆነ የሚጎበኘው የለም። ከመርከብ ወርዶ ወዲያው የሚገጣጠም ቤት የወደብ ከተማ ነገር ነው። አዲስ አበባ እንኳ የምድር ባቡር የደረሰላት በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ከባሕር የመጣ ዕቃ የሚወጣው በግመልና በበቅሎ ነበር። ስለዚህ ወደ እኛ የዘለቀው ብረት ጣሪያው ብቻ ሆነ፤ ግድግዳው እንደ ጥንቱ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ማፑቶ በባሕር ዳር ናት። እንጅባራ ግን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። እዚያ ገዥውን ያስመረረው ሙቀት ነበር፤ እዚህ ባለቤቱን የሚያስመርረው ብርድ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ብረት የውጩን አየር ጠባይ ሳይከለክል ወደ ቤት ያስገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮው ከሰማይ በታች ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የምድጃው እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ በተኛው ላይ ያንጠባጥባል። በሐምሌ ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ በውስጡ ያሉ ሰዎች አይደማመጡም። ኮርኒስ በሌለው ክፍል የተማረ ሁሉ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ እንዴት እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ይህን ስንል ቆርቆሮን ልናወግዝ አልተነሣንም። ከተማ ተቀምጠው ጎጆን የሚያወድሱ ጸሐፊዎች አሉ፤ የክዳኑን ፍሳሽ፣ የእሳቱን ሥጋትና በየጊዜው የማደሱን ድካም ግን ለባለ ጎጆው ይተዉለታል። ደግሞስ ሣሩ ከየት ይምጣ? በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ በማሳው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሏል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ደርሶ ይከሰላል፤ ከሰሉ እስከ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ተጭኖ ይሸጣል፤ ከገንዘቡም አንዱ ክፍል ቆርቆሮ ይገዛበታል። ስለዚህ ዛፉ የሣሩን መሬት ይወስዳል፤ የቆርቆሮውን ዋጋ ደግሞ ይከፍላል። በዚህ ላይ የሣር ቤት የድኻ ቤት ተብሎ መታየቱ ተጨመረ። ይህን የኑሮ ለውጥ በቁጭት ጽሑፍ መመለስ አይቻልም።

ነቀፌታችን ወዲህ ነው። የቆርቆሮ ቅጠል አራት ማዕዘን ስለ ሆነ ክብ ቤት ለመክደን በሰያፍ መቆረጥ አለበት፤ ቁራጩም ኪሣራ ነው። ከዚህ የተነሣ ባለቤቱ ክቡን ትቶ አራት ማዕዘን ቤት ይሠራል፤ የቤቱን መልክ የወሰነው እንግዲህ ፋብሪካው ነው። ቆርቆሮ እንዳይባክን ተብሎም የጣሪያው ከንፈር ያጥራል። ወፍራሙ የሣር ክዳን እስከ ታች ወርዶ ይጠብቀው የነበረው የጭቃ ግድግዳ አሁን በዝናብ ይመታል፤ ምርጉም ይረግፋል። ገንዘቡ ሁሉ በቅጠሉ ስለሚያልቅ ለኮርኒስ የሚተርፍ የለም። ቤቱ ከመንገድ ሲያዩት ያማረ፣ ሲያድሩበት የከፋ ይሆናል። በዚህስ ከማፑቶው ቤት ጋር ወንድማማች ነው።

ሆኖም ዳንሊ ያጣው ነገር በእጃችን አለ። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው፤ ተሰንጥቆ ምንጣፍና አጥር የሚሆነው ቀርከሃ ከቆርቆሮው ሥር ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቢዘረጋ፣ በመካከል አየር ይኖራል፤ ውስጠኛውም ረድፍ እንደ ብረት ሙቀትንና ብርድን አያሳልፍም። የዝናቡንም ድምፅ ያለዝባል። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ይህ የድኻ ኮርኒስ ነው ይሉናል። እኛ ግን በሦስት ቤቶች፣ ይኸውም በሣር ክዳን፣ በባዶ ቆርቆሮና ቀርከሃ በተዘረጋለት ቆርቆሮ ሥር፣ በኅዳር ንጋትና በመጋቢት ቀትር ሙቀቱ እንዲለካ እንጠይቃለን። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ቴርሞሜትርና በሌሊት ለመነሣት የሚፈቅድ ተማሪ ነው፤ ቀርከሃው ከእንጅባራ ገበያ ይገኛል።