ዐሥረኛው ሰው

በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በመንግሥት ስም ጎብኚ አስቁሞ የሚጠይቅ ባለሙያ ለዘጠኝ ሰዎች ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ ግን ሕግ ይጠብቀዋል። ፕሬዚዳንት ካርተር ሥልጣን ሊለቁ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1980 የፈረሙት የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ፣ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዐሥርና ከዚያ በላይ ሰዎችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት የማኔጅመንትና በጀት ቢሮን ይሁንታ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ጥያቄው የግብር ቅጽ ይሁን ወይም «የመጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና እንዴት ነበር?» የሚል፣ መልሱ ግዴታ ይሁን ወይም በፈቃደኝነት፣ ሕጉ አይለይም።

እኔ እንጀራዬን የምበላው ከዚህ ከመጸዳጃ ቤቱ ዓይነት ጥያቄ ነው። መጠይቅ አዘጋጃለሁ፤ ወቅቱ ሲደርስም ወረቀቴን ይዤ መመልከቻ ቦታዎች ላይ እቆማለሁ። በሙያው ያሉ አብዛኞቹ ሰዎች ሕጉን ያማርሩታል፤ እኔም ፈቃዱ በዘገየ ቁጥር አብሬ አማርራለሁ። ሆኖም ጥያቄ መጻፍን ከመምህሮቼ ይበልጥ ያስተማረኝ ይህ ፈቃድ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ማንን እንደምጠይቅ ግን ያን ያህል አላስተማረኝም።

አካሄዱን በአጭሩ ላስረዳ። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ መጠይቅ አስቤአለሁ ብሎ በፌዴራል ሬጂስተር ያስታውቅና ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ 60 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ ሰነዱን ለቢሮው ሲያስገባ ሁለተኛ ማስታወቂያ ወጥቶ ሌላ 30 ቀን ይሰጣል። ቢሮው ለመወሰን እስከ 60 ቀን አለው፤ 30ዎቹ ቀናትም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከመጠይቁ ጋር የሚቀርብ የማብራሪያ ሰነድ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል 18 ጥያቄ፣ ስለ ናሙናና ስታቲስቲክስ የሚያወራው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ 5 ጥያቄ አለው። ጠያቂው በመጀመሪያ ራሱ ይጠየቃል ማለት ነው። ሁሉም ካለፈ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ቁጥር ይሰጥና በመጠይቁ ላይ ይታተማል። ያ ቁጥር በሌለበት ቅጽ አልመልስም ያለ ሰው ሊቀጣ አይችልም ይላል ሕጉ። የፓርክ ጎብኚ ባይመልስም የሚቀጣው የለም፤ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሯ ታትማ ትወጣለች።

ከ18ቱ ውስጥ ለሙያው የምትበጀው መረጃውን ማን፣ እንዴት፣ ለምን ዓላማ እንደሚጠቀምበት አስረዱ የምትለው ናት። የፓርክ ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ «ጎብኚዎቻችን ምን እንደሚሰማቸው ማወቅ እንፈልጋለን» ብለው ይመጣሉ። እኔም «ደስ ብሎናል ቢሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አልተደሰትንም ቢሏችሁስ?» እላለሁ። በሁለቱም መልስ የሚለወጥ ነገር ከሌለ ጥያቄው ይወጣል። በዚህ መንገድ ከረቂቅ ግማሽ ገጽ ሲጠፋ ማየት የተለመደ ነው። በተቃራኒው ጎብኚ የሚያኮርፍበት፣ እኔም በግሌ የማልወደው የወጪ ጥያቄ ይተርፋል፦ «በዚህ ጉዞ ከፓርኩ አቅራቢያ ለነዳጅ፣ ለምግብ፣ ለማደሪያ ስንት አወጣችሁ?» ሰው ደረሰኙን እንደጠየቅነው ሁሉ ፊቱን ያጠቁራል። ግን ጥያቄው ሥራ አለው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ2023 የተመዘገበው 325.5 ሚሊዮን ጉብኝት በፓርኮች ዙሪያ ባሉ ከተሞች 26.4 ቢሊዮን ዶላር ወጪ አስከትሏል ሲል ስሌቱ የሚነሣው እንዲህ ካሉ መልሶች ነው። ፓርክ ገንዘብ ከመብላት በቀር ምን ያደርጋል ለሚል ፖለቲከኛ የምትሰጠው መልስም ይህችው ናት።

ሰነዱ ደቂቃም ይቆጥራል። መጠይቁ 12 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነና አንድ ሺህ ሰው ከሞላው፣ ከሕዝቡ 200 ሰዓት ወስዳችኋል ተብሎ ይመዘገባል። ጎብኚውን አስቁመን «ፈቃደኛ ነዎት?» ያልንበት አንድ ደቂቃም ይደመራል። መጀመሪያ ይህ ስሌት የቢሮክራሲ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ተራራ ሊያይ የመጣ ሰው ልጆቹ እጁን እየጎተቱት ቆሞ ሲሞላ ያየ፣ ስሌቱን ማክበር ይጀምራል። አሁን አዲስ ጥያቄ ሲታከል የምጠይቀው የትኛው ይውጣለት የሚለውን ነው።

ወደ ዘጠኙ ሰዎች ልመለስ። ያለ ፈቃድ የተተዉልን እነሱ ብቻ ስለሆኑ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ። ረቂቁን እንዲያነብቡና ያሰቡትን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። «መንገዶቹ ንጹሕና አስተማማኝ ነበሩ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ እዚህ ይወድቃል፤ አንዱ ንጹሕ ነበሩ ግን ያዳልጣሉ ይልና ብዕሩን ይዞ ይቀራል። ከዘጠኙ የተወሰኑትን ሆን ብዬ ከዘመድ አዝማድ እመርጣለሁ፤ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ይሉኝታው ብዙ ቢሆንም ለዘመዱ ሲሆን እውነቱን ይናገራል። በሁሉም መጠይቅ ማለት ይቻላል ያለችው «በግል ቡድንዎ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» የምትል ጥያቄ እነሱ ዘንድ ስትደርስ ትንገዳገዳለች። «መኪናው ውስጥ ያለነው ነው? ወይስ ከኋላ ያሉት የወንድሜም ቤተሰብ? ከቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ ከመጣንስ?» ለአሜሪካዊው ባልና ሚስት መልሱ ሁለት ነው፤ ሥራው አለቀ። ለእኛ መልሱ ጉባኤ ይፈልጋል።

ዘጠኙ ያልነገሩኝን መንገድ ላይ ያገኘሁበት ቀን አለ። በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ 105 ማይል በሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ ዳር፣ በኦክቶበር ቅጠሉ ሲቀላ ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ የሚመጣው የኛ ሰው ቀላል አይደለም። ነጠላ የለበሱ እናት፣ ድስት ያለበት የመኪና ኮፈን፣ ከፌስታል የሚወጣ ዳቦ ይታያል። ከቡድን ውስጥ መጠይቁን የሚሞላውን ሰው ጠያቂው እንደወደደ አይመርጥም፤ «ዕድሜው ከ18 በላይ ከሆነው፣ ልደቱ ለዛሬ የሚቀርበው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዝም ብሎ ከተተወ ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚወጣው ሾፌሩ ወይም አፈኛው ነው። ልደት ዕጣ ሆኖ ያገለግላል። ለአንድ ቤተሰብ ይህንኑ በአማርኛ ጠየቅሁ። አባትየው ፈገግ ብለው «የወረቀቱን ነው የእውነቱን?» አሉኝ።

ነገሩ የገባው ይገባዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው በስደት የመጣ ብዙ ሰው በአሜሪካ ሰነድ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። እዚያ ቡድን ውስጥ ሦስቱ ጃንዋሪ 1 ተወልደዋል። እናትየው የእውነቱን ያውቁታል፦ «እኔ የተወለድሁት የጊዮርጊስ ማግስት ነው»፤ የየትኛው ወር ጊዮርጊስ እንደሆነ ግን እርሳቸውና ባለቤታቸው አልተስማሙም። በመጨረሻ ዕጣው የወጣው እዚሁ ተወልዶ ልደቱ ኖቬምበር ላይ ለሆነው ወጣት ልጃቸው ነው። እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ በአሥር ደቂቃ ሞልቶ መለሰልኝ። ዕጣው የተፈጠረው እንዲህ ያለውን ሰው ሁልጊዜ ከመምረጥ እንዲያድነን ነበር።

የፈቃዱ ሰነድ ለዚህ ፈጽሞ ዓይኑን የጨፈነ አይደለም። ቢሮው በ2006 ባወጣው የስታቲስቲክስ ጥናቶች መመዘኛ መሠረት፣ ይመልሳሉ ተብለው የሚጠበቁት ከ80 በመቶ በታች ከሆኑ፣ ያልመለሱት ከመለሱት በምን እንደሚለዩ የሚመረመርበት ዕቅድ መቅረብ አለበት። በተግባር የምናወዳድረው የቡድኑን ብዛትና የመኖሪያ አካባቢውን ነው። በዓይን አይቶ መመዝገብ እንደ ጥያቄ ስለማይቆጠር፣ እምቢ ያለው ቡድን ስንት ሰው እንደነበር ጠያቂው ሳይናገር መጻፍ ይችላል። እኔ በዚህ መዝገብ ላይ «ቋንቋ» የምትል ዓምድ እንድትኖር እከራከራለሁ። ብዙ ቦታ «አልፈለጉም» ከሚለው ጋር ተደባልቃ ትቀራለች። አልፈልግም ያለና አልገባኝም ያለ አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ፓርኩ የሚያነብበው ሰዎች እንደተሰላቹ ነው።

አሁን ስለ ጊዜ። ማስታወቂያዎቹና ውሳኔው ሲደመሩ አራት ወር ያህል ናቸው፤ ሰነዱን ማዘጋጀቱና የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ግምገማ ገና አልተቆጠሩም። የቅጠሉ ወቅት ግን የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ነው ያለው፤ ካመለጠ ዓመት ነው። ይህን በማየት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለፓርኮች አገልግሎት ጠቅላላ ፈቃድ የሚባል አቋራጭ ተከፈተ፤ ቁጥሩ 1024-0224 ነው። ጥናቱ በተፈቀዱት ርዕሶች ውስጥ እስከዋለ ድረስ፣ ማለትም የጎብኚው ማንነት፣ ጉዞው፣ ወጪው፣ ስለ አገልግሎቱ ያለው አስተያየትና የመሳሰለው ላይ ከሆነ፣ ሁለቱን ማስታወቂያ እንደገና ሳይጠብቅ ይታያል። ከዚህ ጋር ቀደም ብለው ያለፉ ጥያቄዎች ክምችት አለ። ከክምችቱ የቀዳ ቶሎ ያልፋል። አቋራጩ ባይኖር ብዙዎቻችን ሥራ እንፈታ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከጊዜ ብዛት ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው ፓርኩን መሆኑ ቀርቶ ክምችቱን ይሆናል። ፓርኩ የደረሰበት ችግር ምንም ይሁን ምን ጥያቄዎቹ የምናውቃቸው ናቸው። ለዚህ ሕጉን ብቻ አልወቅስም፤ ስንፍናችንም አለበት።

በጥያቄዎቹ ሥር ያሉት የመልስ ዝርዝሮችም ቢሆኑ ይለወጣሉ። በማርች 2024 ይኸው ቢሮ የዘርና የብሔር አመዘጋገብ መመሪያውን አሻሽሎ፣ በጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ ሥር ከሚዘረዘሩት ሣጥኖች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚል እንዲሆን አደረገ፤ ከጃማይካዊ፣ ከሄይቲያዊ፣ ከናይጄሪያዊና ከሶማሌ ጋር። ጥሩ ነው። ሣጥኑ ላይ ምልክት የሚያደርገው ግን መጠይቁ እጁ የገባ ሰው ነው።

ከክምችት ውጭ የወጣ ጥያቄ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሲነሣ እኔ የምጠቅሰው የዩታውን አርችስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1990ዎቹ ሮበርት ማኒንግና ባልደረቦቻቸው ዴሊኬት አርች በተባለው የድንጋይ ቅስት ሥር ስንት ሰው ሲቆም በዛ እንደሚባል ማወቅ ፈለጉ። በቃል ቢጠይቁት መልስ የለውም፤ «ብዙ» ለእያንዳንዱ ሌላ ነው። ስለዚህ የአንድ ቦታ 16 ፎቶዎች አቀናበሩ፤ የመጀመሪያው ባዶ ነው፣ መጨረሻው ላይ 108 ሰው አለ። ጎብኚው እያንዳንዱን እያየ ይቀበለው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይመዝናል። ፓርኩም ከመልሶቹ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ቅስቱ ሥር ሊታይ የሚገባውን የሰው ቁጥር 30 ላይ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በብዙ ፓርኮች ተሠርቶበታል። እኔ የምወደው መልሱ ቁጥር ሆኖ መውጣቱን ነው፤ ሬንጀሩም፣ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራው መሐንዲስም ይጠቀሙበታል። «ማን ይጠቀምበታል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በዚሁ መልክ ለአንድ መመልከቻ ቦታ ያዘጋጀሁትን የፎቶ ረቂቅ ለዘጠኙ ሳሳይ አክስቴ ከዘጠኙ አንዷ ነበሩ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፎቶ ግን ማንም ያነብባል። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁላቸው። ባዶውን አንሥተው ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይኼ ምን ሆኗል? ሰው ያልደረሰበት ቦታ ነው?» አሉ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ወደ መሃል ሄዱ፤ ሃያ የሚሆን ሰው የቆመበትን መርጠው ወደ እኔ ገፉት። «እዚህ ልውጣ። ሰው ያለበት ነው፤ ብወድቅ የሚያነሣኝ አለ።» ከዚያም የመጨረሻውን ሲያዩ «ይኼ ደግሞ ገበያ ነው፤ ልጄ፣ እዚህስ አትውሰጂኝ» ብለው ሣቁ።

የአንድ ሰው አስተያየት ነው፤ ምንም አያረጋግጥም። ሆኖም በዚህ ዓይነት ጥናት ባዶው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል፤ መስመሩም ሰው በጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል። የአክስቴ መስመር መጀመሪያ ወጥቶ ነው የሚወርደው። ተቀባይነት ያለው የሰው ብዛት ይህን ያህል ነው ተብሎ ደንብ ሲወጣ፣ ቁጥሩ ከማን መስመር እንደተቀዳ ማወቅ ያስፈልጋል። ብቻውን መሆንን ሽቶ ተራራ የሚወጣው ሰው ይመልሳል፤ ከሰው ጋር ለመሆን የሚወጡት እናት መኪናው አጠገብ ቆመው ልጃቸው ሲሞላ ያያሉ።

በፎቶ ለሚጠየቅ ጥያቄ የሚተረጎመው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በአማርኛም፣ በስፓኒሽም፣ በሌላም ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ትርጉም ከሰነዱ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት፤ ደቂቃውም ይሰላል። ልደትን ለዕጣነት መጠቀሙን ትቼ፣ ከቡድኑ አዋቂዎች መካከል በጠያቂው ወረቀት ላይ አስቀድሞ በዘፈቀደ የታተመው ተራ ቁጥር ከቀኝ ሲቆጠር የሚያርፍበት ሰው እንዲመልስ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። በመንገድ ዳር ይሠራ እንደሆነ የሚታየው ሲሞከር ነው፤ ሐበሻ ቡድን አንድ መስመር ላይ ቆሞ የሚቆጠርበትን ቀን እስካይ እኔም እጠራጠራለሁ። ለኦክቶበሩ ቅጠል እንዲደርስ ሰነዱ በማርች መግባት አለበት። በሁለተኛው ክፍል፣ ያልመለሱት በምን ይለያሉ በሚለው ሥር፣ ቋንቋ ከእምቢታ ተለይቶ እንዲመዘገብ ጽፌአለሁ፤ ገምጋሚው ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።