መልስ ያላገኘ ሰላምታ

«ጋሼ፣ ቴሌግራም እያለ ይሄ ለምን ያስፈልጋል?»

የጠየቀችኝ ክረምቱን እናቷ ዘንድ ልታሳልፍ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወደ አንበሳሜ የመጣች የጎረቤቴ ልጅ ናት። «ይሄ» ያለችው መደርደሪያው ላይ ከራውተሩ ጎን የተቀመጠውን፣ ከሲጋራ ፓኮ የማይበልጠውን ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ሰፈሩ የሚጠቀምበት የመልዕክት ሰሌዳ፣ እኛ ድሮ ቢቢኤስ የምንለው፣ የሚሠራው እሱ ላይ ነው።

ያን ቀን የሰጠኋት መልስ ጥሩ አልነበረም። ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎን በረዶ ዘግቷት ዋርድ ክሪስቴንሰንና ራንዲ ስዩስ የመጀመሪያውን ሰሌዳ እንዴት እንደሠሩ፣ ሐሳቡም ከኮምፒውተር ክበባቸው ግድግዳ፣ ወረቀት በመርፌ ከሚሰካበት ሰሌዳ እንደመጣ፣ በአንዴ አንድ ደዋይ ብቻ ይገባ እንደነበር። በትሕትና አዳመጠችኝ፣ ቡናዋን ጠጣች፣ ሄደች። ሰውን ወደዚህ ሙያ በታሪክ መጥራት አይቻልም። ታሪኩ የሚጥመው ከገቡ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙያ ወዳጄ ደግሞ ሰው በውበት ነው የሚመጣው ይላል። የእሱ ሰሌዳ ሲከፈት ባለቀለም ሥዕል ይወርዳል፣ ዝርዝሩ ሁሉ በክፈፍ ተከቧል፣ «ሌጀንድ ኦቭ ዘ ሬድ ድራገን»ን የመሳሰሉ የድሮ ጨዋታዎችም ተደርድረዋል። እጁ የተባረከ ነው፤ ሥራውን አከብራለሁ። ነገር ግን ለአማርኛ ሰሌዳ ይህ መንገድ ከመነሻው ያነክሳል። እነዚያ ክፈፎች የተሠሩት 256 ምልክት ብቻ ለሚያውቅ የድሮ የፊደል ሠንጠረዥ ነው፤ ግዕዝ እዚያ ውስጥ የለም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በዩቲኤፍ-8 መጻፍ ቢቻልም «ጨ» ወይም «ጩ» ለእንግሊዝኛ ፊደል በተለካ ጠባብ ቦታ አትቀመጥም፤ ትገፋለች፣ የክፈፉም ቀኝ ግድግዳ በየመስመሩ ይወላገዳል። ስለዚህ ክፈፉን አፈረስኩት። ወዳጄ ግን ፊደሉን ትቶ በላቲን ፊደል «selam» እያለ ይጽፋል። ለእሱ ክፈፉ በለጠበት፤ ለእኔ ፊደሉ። ገና ከበሩ በራሱ ፊደል ያልተቀበልነው ሰው ለምን ይገባል?

እኔ የምከራከረው ግን ስለ ክፈፍ አይደለም፤ ስለ መልስ ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ የጻፈው ነገር መልስ ካላገኘ አይመለስም። መልሱም ሰው የጻፈው መሆን አለበት።

ይህን የተማርኩት በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በወጣትነቴ ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው ጥር 1989 ነው። ከዚያ በፊት ከውጭ ጋር በኮምፒውተር ለመጻጻፍ ከነበሩት ጥቂት በሮች ዋናው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ነበር። ፓዲስ የሚሠራው በፊዶኔት ነበር፤ ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረው፣ ሰሌዳ ለሰሌዳ በስልክ እየተደዋወለ መልዕክት በሚቀባበልበት መረብ። በዚያ አድራሻ አፍሪካ አምስተኛው ዞን ነበረች። የጻፍነው ተጨምቆ በአንድ ጥቅል ይጠብቃል፤ ማሽኑ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በዓለም አቀፍ ስልክ ሲገናኝ የእኛን ይሰጣል፣ የእነሱን ይቀበላል። የስልኩ ሒሳብ ውድ ስለሆነ ሁሉም ነገር በዚያች አጭር ጥሪ ያልቃል።

የመጀመሪያ መልዕክቴን በሰባራ እንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁ፤ አዲስ ነኝ፣ ሰላም ነው የሚል። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ምንም የለም። ሰው ፊት ሰላም ብሎ አጸፋ ማጣት ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። በአምስተኛው ቀን ሞደሙ ጮሆ ሲያበቃ ሁለት መስመር ወረደልኝ። ሉሳካ ያለ የማላውቀው ሰው «እንኳን ደህና መጣህ። አዲስ አበባ አሁን ዝናብ ነው?» ይላል። ያቆየችኝ ያቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ዝናቡን ለመንገር ተመልሼ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ አዲስ ሰው የጻፈውን እኔ ራሴ ሳልተኛ እመልሳለሁ፣ መልሴም ውስጥ ከጻፈው ነገር የተነሣ አንድ ጥያቄ ይኖራል። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚልከውን የእንኳን ደህና መጡ ደብዳቤ አጥፍቼዋለሁ። የሰው መልስ እየጠበቁ የማሽን ደብዳቤ መክፈት ካለመመለስም ይከፋል። ባለመስመር ደብተር አለኝ፤ በግራ የሰውየው መጠሪያና የገባበት ቀን፣ በመሐል የጠየቅሁት ጥያቄ፣ በቀኝ ተመልሶ የመጣበት ቀን። በጀመርኩ ሰሞን «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ ያልኳቸው ሰዎች የቀኝ ዓምድ እስካሁን ባዶ ነው።

ወዳጄ «ሺህ ሰው ቢመጣስ፣ ለሁሉም ልትጽፍ ነው?» ይለኛል። ሺህ ሰው አልፈልግም። ፊዶኔት በደጉ ዘመኑ ከ30 ሺህ በላይ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ አንድ የስልክ መስመርና አንድ ጠባቂ ያላቸው የየሰፈሩ ትናንሽ ቤቶች ነበሩ። የሰፋው አንዱ ሰሌዳ ስላበጠ አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ ስለበዙ እንጂ። የእኔ ሰሌዳ ሰው ሲበዛበት ከውስጡ አንዱን አስተምሬ ሐሙሲት ላይ ሌላ እንዲተክል አደርጋለሁ። አሥር ሺህ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አዲስ የገባ ልጅ ሰላምታ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ጎርፍ ይወስደዋል።

እዚህ አንበሳሜ ሰሌዳውን የተከልኩት በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ሰሌዳዬ ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ የቤቴ ዋይፋይ እስከደረሰበት፣ አጥሩን አልፎ እስከ መንገዱ፣ በስልክ ይገባል። የሚያስፈልገውን ትንሽ መተግበሪያ ልጆቹ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባበሉት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩንም ሰሌዳውንም በፓወር ባንክ አቆያቸዋለሁ። የሚጻፈው ተራ ነገር ነው፦ የጤፍ ዋጋ፣ የጠፋ ጥጃ፣ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ነገ ወደ ባሕር ዳር መኪና ይኖር እንደሆን።

ሰሌዳ መጠበቅን ከየት እንዳገኘሁት ሳስብ ነገሩ ከፓዲስም በፊት ይጀምራል። አጎቴ እዚሁ ሱቅ ነበረው። ከአዲስ አበባም ከጎንደርም የሚላክ ደብዳቤ በአውቶቡስ ረዳት ወይም በመንገደኛ እጅ ይመጣና በመደርደሪያው መስታወትና በእንጨቱ መሐል ይሰካል። ፖስታው ላይ «በእገሌ ሱቅ በኩል ይድረስ» ተብሎበታል። አጎቴ ባለቤቱ እስኪመጣ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ በገበያ ቀን የዚያ ቀበሌ ሰው ካየ «ደብዳቤሽ መጥቷል በሏት» ብሎ ይልካል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ልጃቸው አሰብ ወደብ የሚሠራ። ማንበብ አይችሉም። አጎቴ ደብዳቤውን ሁለቴ ያነብላቸዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ጣቱን በመስመሩ ሥር እያስኬደ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ «ምን ብዬ ልመልስለት?» ይላቸዋል። መልሱ ሳይጻፍ ከሱቁ ወጥተው አያውቁም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ፖስታውን በምራቄ የማሽገው እኔ ነበርኩ። ሰሌዳ መጠበቅ ማለት ለእኔ ያ እስክሪብቶ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በነጋታው ንግግሬን ትቼ በስልኳ አስገባኋትና ለእሷ ብቻ አንድ ጥያቄ ተውኩላት፦ «ዝርዝሩን ወደ አማርኛ ስመልሰው አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ አንቺስ?» ማታውኑ ጻፈች። እኔ «መልዕክት አንብብ፣ መልዕክት ጻፍ» ብዬው ኖሯል። «ጋሼ፣ ይሄ ወንድ ብቻ ነው የሚያዘው። እናቴ ብትገባስ? ‹ለማንበብ 1፣ ለመጻፍ 2› በለው፤ ለሴትም ለወንድም ለትልቅም ይሆናል» አለችኝ። ቁጥሩንም ያመጣችው እሷ ናት፤ በስልክ ቁልፍ ፊደል ፈልጎ ከመጫን 1ን መንካት ይቀላል። በዚያው ሌሊት ሁሉንም ቀየርኩት። ጳጉሜን እስክትገባ ከሰሌዳው አልጠፋችም፤ ስለ ቴሌግራምም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ትናንት አንድ አዲስ መጠሪያ ገብቶ «ሙከራ» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ወጣ። ከአንድ ቃል ምን ይጠየቃል? ብዙ አሰብኩበት። ሻይ አፈላሁ፣ ደብተሩን ከፍቼ መጠሪያውን በግራ ዓምድ ጻፍኩ። በመጨረሻ የገባበትን ሰዓት አየሁ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይላል። «ደርሷል፣ ይነበባል። በዚህ ሰዓት እንቅልፍ የነሣህ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩና፣ ሴትም ልትሆን እንደምትችል ትዝ ሲለኝ አጠፋሁት። «በዚህ ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ያለው በምን ምክንያት ይሆን?» አልኩ። ቀኝ ዓምዱ ገና ባዶ ነው።