አምባ የሌለው አልጋ

ከይፋግ ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራዝ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ላየ ጣና ከነዳርቻ ሜዳው ተዘርግቶ ይታያል። «ክሩሴደር ኪንግስ ሦስት» የተባለውን ጌም ስጫወት ሐሳቤ ደጋግሞ ወደዚያ ግንብ ይመለሳል። ጌሙ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠይቀኝ፣ ንጉሡ ሲሞት አልጋው የማን እንደሚሆን ነው፤ የግንቡ ጌታም በዕድሜያቸው መጨረሻ የተጨነቁበት ይኸው ነበር።

ጌሙን የስዊድኑ ፓራዶክስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ አንድን ባለ ሥልጣን ሆኖ ይጀምራል፤ ያ ሰው ሲሞት በወራሹ ይቀጥላል፤ ከዘሩ ወራሽ ከጠፋ ጨዋታው ያከትማል። ካርታው እኛን አልዘነጋም፤ ከደጋው ኢትዮጵያ ተነሥቶ መንገሥ ይቻላል።

ትልቁ ብርታቱ የንጉሥን ሥልጣን በሰው ልብ ላይ ማቆሙ ነው። እያንዳንዱ ገባር መኳንንት ለንጉሡ ያለው ስሜት በቁጥር ተለክቶ ይታያል። ኃይለኛው መስፍን የምክር ቤት ወንበር ካላገኘ ያኮርፋል፤ ያኮረፉት ተሰብስበው ያድማሉ፤ አድማው ከበረታ «ዘውዱን ለእገሌ አስረክብ» የሚል መልእክት ይመጣል። አባትየው ሠላሳ ዓመት የገነቡት መከበር ደግሞ አብሯቸው ይቀበራል። አዲሱ ንጉሥ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያሳልፈው «ገና ትናንት የነገሠ» እየተባለ ተንቆ ነው። የነገሥታት ታሪካችንን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይመታል።

በጉዛራው ንጉሥ ልፈትነው። ሠርፀ ድንግል በ1563 ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ፤ የገዛ ዘመዳቸው ሐመልማልም፣ የባሕር ምድሩ ይስሐቅም ተነሥተውባቸዋል። የልጅ ንጉሥ መከራ ምን እንደሆነ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህም ለአልጋው ያሰቡት ለአቅመ አዳም የደረሰውን የወንድማቸውን ልጅ ዘድንግልን ነበር። በኋላ ግን የአባት ሆድ አሸነፈና ሐሳባቸው ወደ ትንሹ ልጃቸው ወደ ያዕቆብ ዞረ። በ1597 ሲሞቱ መኳንንቱና እቴጌ ማርያም ስና የሰባት ዓመቱን ሕፃን አነገሡ፤ ዘድንግል ተይዘው ወደ ጣናው ደቅ ደሴት ተጋዙ፤ ሌላው የሥጋ ዘመድ ሱስንዮስም በስደት ይኖሩ ነበር። ሕፃኑ አድጎ በራሱ ልግዛ ሲል በ1603 ዘሥላሴ የተባለው ኃያል ሹም አወረደው፤ ዘድንግልም ነገሡ። ብዙም ሳይቆይ ያው ዘሥላሴ ከድቶ ወጋቸው፤ በ1604 በጦር ሜዳ ወደቁ። ያዕቆብ ተመልሶ ነገሠ፤ እርሱም በ1607 በጎል ውጊያ ሞተ። አልጋው የስደተኛው ሱስንዮስ ሆነ።

ጌሙ ከዚህ ታሪክ ብዙውን ሊሸከም ይችላል። ሕፃኑን ንጉሥ፣ በ2023 የተጨመረውን ሞግዚት፣ ከእጁ ሥልጣን መልቀቅ የማይወደውን ባለሟል፣ በስደት የሚኖረውን ባለ ይገባኛል ሁሉንም አግኝቼበታለሁ። ዘሥላሴን የመሰለ መስፍን ገጥሞኝ ንጉሤን አስወርዶታል፤ በዚያች ሌሊት ስለ 1603 ከማንኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይልቅ የገባኝ ነገር ነበር።

ጌሙ የሚወድቀው ውርሱ ላይ ነው። ጨዋታው ሲጀመር አብዛኛው መንግሥት በልጆች ቍጥር የሚከፈል ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት ንጉሥ ሲሞት ግዛቱ ለሦስት ይቆረሳል፤ ያልነበረ ዘውድ እንኳ ለታናሹ ይፈጠርለታል። የበኩር ልጅ ጠቅልሎ የሚወርስበት ሕግ የሚገኘው ዘመናት ካለፉ በኋላ ነው። ይህ የፈረንጆቹ ንጉሥ የሻርለማኝ የልጅ ልጆች ታሪክ ነው። በእኛ አገር በልጆች መካከል ይከፋፈል የነበረው የገበሬው ርስት ነው፤ ዘውዱ አይቆረስም ነበር። መኳንንቱ ይበሉት የነበረው ጉልትም ከንጉሥ የተሰጠ የግብር መብት እንጂ የአባት መሬት አልነበረም፤ የሰጠ ይነሣ ነበር። «ሹም ሽር» የምንለው አሠራር ከዚህ የመጣ ነው። በጌሙ ግን አንድን መስፍን ያለ ጥፋቱ ከግዛቱ ማንሣት የግፈኛ ስም ያሰጣል፤ ሌሎቹም በንጉሡ ላይ ያምፃሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ገዥዎችን ሽረው የገዛ ሴቶች ልጆቻቸውን በየአውራጃው እንደሾሙ ሳስብ፣ ያንን መንግሥት በዚህ ሕግ ማጫወት ግፍ ይመስለኛል። በርግጥ ሹመቱ እየዋለ እያደረ ርስት የሆነበት ጊዜ አለ፤ ዘመነ መሳፍንት ያ ነበር። ጌሙ ይህን መንሸራተት ቢያሳየን እንዴት ባማረ!

በ2024 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ለቢዛንታይን የሹመት ሥርዓት አበጅቶለታል፤ ለሹም ሽር የቀረበው እርሱ ነው። ፓራዶክሶች መንገዱን እንደሚያውቁት ያሳያል፤ ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የጎደለኝ ግን አምባው ነው። የእኛ ነገሥታት የወንድማማች ጦርነትን የፈቱት መሬት በመክፈል አልነበረም፤ ወንዶቹን የንጉሥ ዘሮች ተራራ ላይ በማኖር ነበር። ቀድሞ ግሸን፣ ወደ ጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው በዚያ አምባ ስም ነው። በጌሙ ወንድሜን ባስርም እንኳ ውርሱ አይነካም፤ ልንቀለው ብል የሥርወ መንግሥቱን ዝና እከፍላለሁ። ተራራ ላይ በክብርና በጥበቃ የሚቀመጥ፣ የሚያነብ፣ የሚጸልይ፣ አንድ ቀን ሊጠራ የሚችል ልዑል የሚባል ነገር የለም። ዘርዐ ያዕቆብ ከግሸን ወርደው የነገሡት በ1434 ነው። የጌሙ ዘመን የሚዘጋው 1453 ላይ ስለሆነ እርሳቸው በዙፋን እንዳሉ ይደርስባቸዋል። የአገሬ ልዑል ግን ንጉሡ ባረፈ ማግሥት መኳንንቱ ወደ አምባው ሽቅብ ሲወጡ፣ ሊያነግሡት ይሁን ሊገድሉት ሳያውቅ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ያን መጠበቅ እስካሁን በየትኛውም ጌም ላይ አልተጫወትኩትም።