ተገልብጦ የማይታይ ስፌት

ደህና ልብስ ሰፊ የሌላውን ሥራ ሲመዝን ፊቱን አያይም፤ ኮቱን ይገለብጠዋል። ገበሩ እንዴት እንደተያዘ፣ የብብቱ ስፌት እንዳልተወላገደ፣ ክሩ ጫፉ ላይ ተቋጥሮ ይሁን እንዲሁ ተቆርጦ የቀረ፣ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይመረምራል። ከላይ ማሳመርማ የካውያም ሥራ ነው።

እኔ እንዲህ ገልብጬ ባየው የምመኘው ልብስ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም በመስታወት ተከልሎ ይገኛል። ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃን የረገጠበት ነው። ስለዚያ ጉዞ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ሮኬቱን ነው። ሳተርን 5 ቁመቱ 110 ሜትር ነበር፤ ሲነሳ ምድር አንቀጥቅጧል። ክብሩን አልነሳውም። ግን የመጀመሪያው ክፍሉ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ነዳጁን ጨርሶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ። ከአርምስትሮንግ ጋር እስከ ጨረቃ አፈር ድረስ ወርዶ፣ በሰውዬውና በባዶው ሕዋ መካከል ቆሞ የዋለው ጨርቅና ጎማ ነው። ያንን የሰፉት ደግሞ ከዚያ በፊት ጡት መያዣና የሴቶች የሆድ መቀነት የሚሰፋበት ቤት ባለሙያዎች ነበሩ።

ኩባንያው አይኤልሲ ይባላል፤ ቦታው ዴላዌር ግዛት፣ ዶቨር ከተማ ነው። ገበያው የሚያውቀው «ፕሌይቴክስ» በሚለው የውስጥ ልብስ ምልክቱ ነበር። በ1965 ናሳ ሦስት ኩባንያዎች የሠሯቸውን የጠፈር ልብሶች ጎን ለጎን ሲፈትን የአይኤልሲው አሸነፈ። ከተሸነፉት አንደኛው ልብስ በሙከራ ላይ የራስ ቁሩ ተፈናጥሮ ወጣበት፤ የሌላኛው ትከሻ ከመስፋቱ የተነሳ ለባሹ በመንኮራኩሩ በር ተመልሶ መግባት አቃተው። ሁለቱም ልምድ ካላቸው ቤቶች የመጡ ናቸው። የውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ የሚያውቁት፣ እነዚያ ግን የጎደላቸው ነገር ምን ነበር? ገላ ላይ የሚጣበቅ ነገር ሲጎነበሱም ሲነሱም አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ይህን የተማሩት ከሮኬት ሳይሆን ከሴት ወገብ ነው።

ችግሩ እንዲገባችሁ ረጅም ፊኛ ነፍታችሁ መሐሉ ላይ ለማጠፍ ሞክሩ። ያስቸግራል፤ ስትለቁት ደግሞ ተስፈንጥሮ ቀጥ ይላል። የጠፈር ልብስም በውስጡ አየር ስላለበት፣ ከውጭ ደግሞ ምንም ስለሌለ፣ ጠባዩ የፊኛ ነው። የሶቪየቱ አሌክሴይ ሌኦኖቭ በማርች 1965 ከመንኮራኩሩ ወጥቶ በጠፈር የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው በሆነ ጊዜ ይህ ነገር ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ልብሱ ተነፍቶ ጠነከረበት፤ ጣቶቹ ከጓንቱ፣ እግሮቹ ከጫማው ሸሹ። በመጨረሻ ከልብሱ ውስጥ አየር እያስተነፈሰ ነው የገባው። ልብስ ሰፊ ነፍስ እንደሚያስጥል፣ እንደሚያጠፋም፣ ከዚያ ቀን በኋላ የሚከራከር ሊኖር አይገባም።

የዶቨሮቹ መልስ የልብሱ ክርን ላይ ነው። ክርንና ጉልበቱን ከጎማ ሠሩት፤ ለስላሳ ጎማ ሳይሆን እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ፣ በመሐሉ የናይለን ጨርቅ የተቀበረበት፣ ቅርጹን ፈሳሽ ላቴክስ ውስጥ በመንከር የሚወጣ። ክንዱ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ሽብሽብ ይከደናል፤ በውጭ በኩል ያለው ይከፈታል። አንዱ ያጣውን ሌላው ስለሚያገኝ በውስጡ ያለው አየር መጠኑ አይለወጥም። አየሩ ካልተጨመቀ ደግሞ አይታገልም። እዚህ ላይ ብቻ ቢቀር ግን የአየሩ ግፊት ሽብሽቡን ወደ ርዝመት ይስበውና እጅጌው ይንዘላዘላል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ቀጭን የብረት ገመድ ሄደ፤ ርዝመቱን ገመዱ ይይዛል፣ መታጠፉን ጎማው ይሠራል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ መፍትሔው ውስጥ አንድም የሚሽከረከር፣ የሚጮህ ነገር አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ንብርብሮቹ ይመጣሉ፤ በድምሩ 21 ናቸው። ከሁሉም በታች ውኃ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰፉበት የውስጥ ልብስ አለ፤ ጨረቃ ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ነገር ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፣ ለባሹም ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ውኃው ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ቀጥሎ አየሩን የሚይዘው ጎማ፣ ከዚያ ጎማውን የሚገታው ጨርቅ፣ ከዚያ አልሙኒየም የተቀባ፣ ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ ተደራርቦ፣ በየመሐሉ ስስ ጨርቅ ገብቶበት። ልብስ የሰፋ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ገበርና ፊት እኩል ከተቆረጡ አንዱ መጨማደዱ አይቀርም፤ የውጪው ከውስጡ ለጥቂት መስፋት አለበት። ለሁለት ንብርብር ይህን ማስተካከል የአንድ ጥሩ ባለሙያ ሥራ ነው። ንብርብሩ ሃያ ሲደርስ እያንዳንዱ ቅድ ከሥሩ ካለው በፀጉር ስንጥቅ ያህል መብለጥ አለበት፤ በአንዱ ላይ የሚፈጠር ስህተት ደግሞ ከታች ወደ ላይ እየተደመረ ይሄዳል። ስለዚህ ለስፌቱ የተሰጠው የስህተት ልክ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የመርፌው ውፍረት ራሱ ከዚያ ይበልጣል።

የተሰፋበት መኪና ሲንጀር ነው። አዎ፣ እኛው የምናውቀው ሲንጀር፤ ሰፈራችን በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የሚውለው ዘመድ። እዚያ ግን አያጓራም። ሰፊዋ ፔዳሉን አንዴ ስትረግጥ መርፌው አንዴ ይወርዳል፤ ቆም፣ ማየት፣ እንደገና። እንዲህ እየተባለ ነው የአንድ ሰው ሙሉ አካል የሚሰፋው። ፍጥነት ከፍ ያለ ደመወዝ በሚያስገኝበት ሙያ ውስጥ ላደጉ እጆች፣ ቀስ በሉ መባል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስፒልም አንድ ትልቅ ነገር ነበር። ጨርቅ ሲገጣጠም ስፒል ይወጋል፤ ሰፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። እዚህ ግን አንድ ስፒል ንብርብሩ ውስጥ ቢረሳ አየሩን የያዘውን ጎማ ሊበሳው ይችላል። አንድ ጊዜ በሙከራ ልብስ ውስጥ አንድ ስፒል ተረስቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ስፒሎች እየተቆጠሩ ይሰጣሉ፣ እየተቆጠሩ ይመለሳሉ፤ ልብሱም ኤክስሬይ ይነሳል። ሐኪም ቤት የምናውቀው ማሽን የልብስ ስፌት ቤት ገባ።

የላይኛው ነጭ ጨርቅ የራሱ ታሪክ አለው፤ አሳዛኝ ነው። በጃንዋሪ 27 ቀን 1967 የአፖሎ 1 ሠራተኞች፣ ግሪሶም፣ ዋይትና ቻፊ፣ መሬት ላይ በልምምድ ሳሉ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላው ክፍላቸው ተቀጣጥሎ ሞቱ። ኤድ ዋይት ከሌኦኖቭ ሦስት ወር ገደማ ዘግይቶ በጠፈር የተንሳፈፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነበር። ከቃጠሎው በኋላ የልብሱ ውጪ ቤታ በሚባል ጨርቅ ተተካ፤ ይህ ጨርቅ የተሸመነው ከብርጭቆ ነው። ብርጭቆው ከሰው ፀጉር እጅግ በቀጠነ ክር ተፈትሎ፣ በቴፍሎን ተለብጦ ይሸመናል፤ እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢግል አይቀልጥም። እሳት የማይበላው ጨርቅ ማለት ነው፤ ለሰፊ ግን እሾህ ነው። እንደ ጥጥ አይለዝብም፣ እንደ ሱፍ ይቅር አይልም።

ጓንቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የየጠፈርተኛው እጅ ቅርጽ ይወሰድና ጓንቱ በዚያ ላይ ይሠራል፤ በአርምስትሮንግ ጓንት አብሮት ጨረቃ ላይ የወረደው ኦልድሪን አይሠራም። የመዳፉ ውጪ ከብረት ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው፣ ድንጋይ እንዳይቦጭቀው። የጣቶቹ ጫፍ ግን ሰማያዊ ሲሊኮን ጎማ ነው፤ የያዘው ነገር እንዲሰማው። በጠፈር ልብስ የሚሠራ ሰው ትልቁ ድካሙ ጣቱን ማጠፍ ነውና፣ ለእኔ ይህ ሰማያዊ የጣት ጫፍ የልብሱ ሁሉ ርኅራኄ ያለበት ቦታ ነው።

ሁለቱ ጨረቃ አፈር ላይ የተራመዱበትን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዓለም በደስታ ሲያይ ከዶቨሮቹ ጥቂቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ነበር ያዩት። ኦልድሪን እንዴት መራመድ እንደሚሻል ሲሞክር፣ አንዴ ሲሮጥ፣ አንዴ እንደ ካንጋሮ በሁለት እግሩ ሲዘል፣ ስፌቱን የሚያውቅ ሰው በየዝላዩ የሚያስበው ጉልበቱ ላይ ያለውን መስመር ነው። ምንም አልተተረተረም።

ልብሱ ዛሬ አርጅቷል። ጎማው እየደረቀ በመሄዱ ሙዚየሙ ከ2006 ጀምሮ ከዕይታ አንስቶት ነበር፤ በ2015 ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ተንከባክቦት በጁላይ 2019 ተመልሶ ለዕይታ ቀረበ። ደረቱ ላይ «ኤን. አርምስትሮንግ» የሚል ስም አለ፤ የሰፊዎቹ ስም የለም፣ ኮት ላይም የለምና ይህ አያስገርምም። ሊገለበጥ አይችልም፤ ቢነካካ ይሰባበራል። ሙዚየሙ የጠፈር ልብሶቹን ወደ ውስጥ ያያቸው በኤክስሬይ ነው፤ ምስሎቹንም ለሕዝብ አሳይቷል። ቀለበቶቹ ነጥተው ይታያሉ፤ ዚፑ ጥርስ በጥርስ ይቆጠራል፤ የብረት ገመዶቹ በየመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ጨርቁ እንደ ጭጋግ ነው። ክሩን ለማየት ዓይኔን አጥብቤ ፈለግሁ፤ ክር ለኤክስሬይ አይታይም።