የቢምቢ መልክና የዘሯ ነገር

የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ ማቲንግሊ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ስለ ቢጫ ወባ ቢምቢ ያወጡትን ጥናት ደጋግመን አንብበነዋል። ሥራው የሚመሰገን መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን መሠረቱ ላይ አንድ ጉድለት አይተንበታል።

ማቲንግሊ ኤዴስ ኤጂፕታይ የተባለችውን ቢምቢ በመልኳ ከሦስት ከፈሏት። በሆዷ የመጀመሪያ አንጓ ጀርባ ላይ አንድም ነጣ ያለ ቅርፊት የሌላት ጥቁሯ ፎርሞሰስ ተባለች፤ የአፍሪካ ጫካ ነዋሪ ናት። ቅርፊቱ ያለባት በሰው ቤት፣ በእንስራና በበርሜል ውሃ የምትራባ ናት። በጣም የነጣችው ኩዊንስላንደንሲስ የሚል ስም ተሰጣት። በኬንያ ጠረፍ፣ በራባይ፣ ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ነው፤ ቡናማዋ ከቤት፣ ጥቁሯ ከዱር።

በምዕራብ አፍሪካ ግን መለኪያው ይፈርሳል። በሴኔጋል ነጭ ቅርፊት ያለባቸው ቢምቢዎች ጂናቸው ሲመረመር ከጥቁሮቹ ተለይተው አልተገኙም። ማክሌላንድም በ1974 ዓ.ም. ከብዙ አገር የተሰበሰቡትን ሲያስተያዩ፣ መልኩ ከጥቁር ወደ ነጣ ያለ ጥቂት በጥቂት የሚሄድ እንጂ አንድ ቦታ ላይ የሚቆረጥ ሆኖ አላገኙትም። በዚያ ላይ ቅርፊት ይረግፋል! ያረጀች የቤት ቢምቢ በዚህ ሕግ የጫካ ልትሆን ነው።

የተዘነጋው ነገር ቀለም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የነጭ ዓይን ውርስ የአንድ ጂን ሥራ ነው። ነጭ ዓይና ከጥቁር ዓይና ንጹሕ ዘር ጋር ብትዳቀል ልጆቿ ሁሉ ጥቁር ዓይና ይሆናሉ፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ከአራቱ አንዱ ነጭ ዓይና ሆኖ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ከድሮሶፊላ ዝንብ የተወሰደ ጂን ነጭ ዓይና በሆነችው ዘር ውስጥ ሲገባ፣ ሥራው መሳካቱ የታወቀው የልጆቿ ዓይን ቀለም በማውጣቱ ነው። በዚህ ላይ እምነት የምንጥለው እናትና አባታቸውን እኛው ስላዳቀልን ነው። የሆድ ቅርፊት ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ ውርስ የለውም፤ ከሜዳ የተያዘችውን ደግሞ ወላጆቿን ማን ያውቃል?

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። በካሜሩንና በጋቦን ከተሞች ጥቁሯ በአሮጌ ጎማና በቆርቆሮ ውስጥ ስትራባ ተገኝታለች። «የጫካ ናት» ተብላ ብትታለፍ ጎማው ሳይደፋ ይቀራል። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበርና ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ማቲንግሊ በጻፉበት ጊዜ ጂን የሚነበብበት መሣሪያ አልነበረም። ወቀሳችን በእሳቸው ላይ ሳይሆን፣ መሣሪያው እያለ ዛሬም በአንዲት ቅርፊት ብቻ «ፎርሞሰስ» ብለው በሚመዘግቡት ላይ ነው።