የኬላው ሕግና የእንግዳው ዕጣ፦ ከማግኔዥያ እስከ ጅሬን

ከተማ ያልፈለገውን እንግዳ የሚመልሰው «አትግባ» በሚል አዋጅ ብቻ አይደለም። ቀረጥ ይጥላል፤ ዋስ ይጠይቃል፤ ፈቃድ እስኪመጣ ያስጠብቃል፤ ለይቶ ያሳድራል፤ የቆይታውን ዘመን ይቆርጣል። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ ሥርዓት ማስከበሪያ ይመስላል፤ ሲደራረብ ግን እንግዳው በገዛ አፉ «ልመለስ» እስኪል ድረስ ያደክመዋል። በዚህ ዳሰሳ ሁለት የምናብ ከተሞችን በዛሬው ጅማ ዙሪያ ከነበሩት የጊቤ መንግሥታት ኬላ ጋር አስተያያለሁ። የእንግዳ ሕግ ዋናው መመዘኛ የበሩ ጥበት ወይም ስፋት አይመስለኝም። ገብቶ የኖረን ሰው የአገሬው ሰው የሚያደርግ መንገድ አለው ወይ? ክርክሬ እዚህ ላይ ነው።

ፕላቶ «ሕግጋት» በተሰኘው ሥራው ማግኔዥያ የምትባል ከተማ በቀርጤስ ምድር በምናቡ ያቋቁማል። የአባወራዎቿ ቁጥር 5,040 ነው። የወደብ ንግድ ጠባይዋን እንዳይበርዘው ከባሕር በግሪኮች የርቀት መለኪያ 80 ስታዲዮን ትርቃለች፤ መገበያያ ገንዘቧም ከድንበሯ ውጭ ዋጋ የለውም። በበጋ የሚመጣውን ነጋዴ ሹማምንት ከከተማው ውጭ ይቀበሉታል፤ አዲስ ልማድ እንዳያስገባም ይጠብቁታል። ሙያ ያለው መጻተኛ መኖር ይችላል፤ የመጻተኛ ግብርም አይከፍልም። 20 ዓመት ሲሞላው ግን፣ የተለየ ውለታ ካልዋለ በቀር፣ ንብረቱን ይዞ ይወጣል። ሀብቱ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ደግሞ የሚሰጠው 30 ቀን ብቻ ነው። ሕጉ ጨዋ ነው፤ ማንንም አያዋርድም። ሆኖም ሰውየው የጉልምስና ዘመኑን ሁሉ የሰጣት ከተማ የውለታ ባለዕዳው መሆኗን አትቀበልም።

ሁለተኛዋ ከተማ ሰዶም ናት፤ በኦሪት የምናውቃት ብቻ ሳትሆን የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ የተረኩላት ጭምር። በትረካው የሰዶም ሰዎች፣ ምድራችን እንጀራ የሚወጣባት ከሆነች መንገደኛ ምን ያደርግልናል ብለው ይመካከራሉ። ከዚያም ሕግ ይፈለስፋሉ፦ በጀልባ የተሻገረ አራት ዙዝ፣ በእግሩ የተሻገረ ስምንት ዙዝ ይክፈል። አልከፍልም ብሎ ተደብድቦ የደማ ልብስ አጣቢ ለዳኛ ሲጮህ፣ ለዋገምቱም ጨምረህ ክፈል ተብሎ ይፈረድበታል። ለድሃ መጻተኛ እያንዳንዱ ስሙን የጻፈበትን ዲናር ይሰጠዋል፤ እንጀራ የሚሸጥለት ግን የለም። በረሃብ ሲሞት ሁሉም የየራሱን ዲናር ይወስዳል። እዚህ ዳኛውም ምጽዋቱም በቦታቸው አሉ፤ የጠፋው የተቋቋሙለት ዓላማ ነው።

የጊቤ ምድር በምናብ የተሠራች አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ዓመት የጅማ፣ የሊሙ እናርያ፣ የጎማ፣ የጉማና የጌራ መንግሥታት ድንበራቸውን በቦይና በአጥር ያጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶም ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዉ ነበር። መግቢያው ኬላ ነው፤ ኃላፊው አባ ኬላ። እንግዳ ሲመጣ መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ይላካል፤ ፈቃድ እስኪመጣ መንገደኛው ይቆያል። ሲራራ ነጋዴው የሚያርፈው በነጋዴዎች መንደር፣ የሚሸጠው በታወቀው ገበያ ነው፤ ዛሬ ጅማ ከተማ ባለችበት በሂርማታ የሐሙስ ገበያ እንደነበረው ማለት ነው። የማግኔዥያን የነጋዴ ደንብ እዚህ በሥራ ላይ እናገኘዋለን።

የጠባቂው ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ሊሙ እናርያ ሲደርስ ንጉሡ አባ ባጊቦ ተቀበለው፤ ወደ ከፋ የዘለቀው ግን ንጉሡ ሙሽራ እንዲያመጡ ከላካቸው ሰዎች ጋር ነው። ጣልያኖቹ አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1879 በጌራ ንግሥት እጅ ወደቁ። ኪያሪኒ በዚያው ዓመት እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በ1880 ተፈታ። ይህ ሰው ኋላ የጣልያን ቆንስል ሆኖ አገሩን በምሥራቅ አፍሪካ ለማስፋፋት ሲሠራ በ1896 ሞቃዲሾ አጠገብ ተገደለ። ኬላው እንዲህ ያለውን መንገደኛ መጠርጠሩ ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የጅማ አባ ጂፋር ጥናቱ የመንግሥቱን የተደራጀ አስተዳደር ጉልህ አድርጎ አሳይቷል፤ ኬላም የዚያ ሥልጣን አንድ ክንድ ነበር። ንባቡ ትክክል ነው፤ ግን ከጅሬን፣ ከጅማ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ወደ ድንበር የሚያይ ንባብ ነው። ከድንበር ሲታይ ኬላው በሁለት በኩል ይዘጋል። ነጋዴውን የሚያስቆመው ዘበኛ ከጌታው ያመለጠውንም ባሪያ ይመልሳል። ሂርማታ የቡናና የዝባድ ገበያ ብቻ ሳትሆን የሰው ገበያም ነበረች። ተገዶ የገባው ሰው በሩን አልለመነም፤ መውጣት ግን ተከለከለ። የእንግዳ ሕጎች ሁሉ እጅግ የከፋው ገጽ ይህ ነው፦ ጉልበትን አስገብቶ ሰውየውን ደጅ ማስቀረት።

በዚሁ ምድር ግን ሌላ ሕግም ነበር። የኦሮሞ የሞጋሳ ሥርዓት ባዕዱን፣ ግለሰብም ይሁን ወገን፣ በጎሣ ውስጥ አስገብቶ መብትና ግዴታ ያካፍለዋል። አንዳንዴ በድል አድራጊና በተሸናፊ መካከል የተፈጸመ በመሆኑ እኩልነቱ ሁልጊዜ ሙሉ አልነበረም። ያም ሆኖ ማግኔዥያ ያላሰበችውን አስቧል፤ የመጻተኝነት ዘመን ሲያበቃ መሰናበት ብቻ ሳይሆን መዛመድም እንደሚቻል።

ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው። ኪቶ ፉርዲሳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው፤ ተማሪው ከየክልሉ ይመጣል። በመኸር የሊሙንና የአጋሮን ቡና የሚለቅም የቀን ሠራተኛም ከሩቅ ይመጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 በፈለጉት ቦታ የመኖር ነፃነትን ደንግጓል። በየከተማው ግን ይህ ነፃነት የሚያልፈው በቀበሌ መስኮት ነው፦ መሸኛ ካልመጣ የቀበሌ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ብዙ አገልግሎት የለም። መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ከተማ ነዋሪዎቹን ማወቅ አለበት። ሆኖም ወረቀት የሚጠይቅ ደንብ ሁሉ ምክንያቱን፣ የሚያልቅበትን ቀንና አቤት የሚባልበትን ቦታ አብሮ መናገር ይገባዋል። እነዚህ ሦስቱ የሌሉት ደንብ ማንንም ሳይከለክል ሁሉን ይመልሳል፤ ቡናውን ለቅሞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ወልዶ የኖረውንም ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ደንብ ስሙ ምንም ይሁን ምን ኬላ ነው፤ መፍረስም ይገባዋል።