ሁለት ሽቶ፣ አንድ ቅጠል

«ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» የምትል ደንበኛ ለሽቶ ሻጭ ቀላል ፈተና አይደለችም፤ በተለይ ጠርሙሶቹ የሻኔል ኮኮ ማድሟዜልና የላንኮም ላ ቪ ኤ ቤል ከሆኑ። ሁለቱም በፍራፍሬ ይጀምራሉ፣ በአበባ ይቀጥላሉ፣ ከሥር ፓቹሊ አላቸው።

ፓቹሊ በብዛት ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ቅጠል ነው። በሶብላና ዳማከሴ የሚመደቡበት የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ደርቆ በእንፋሎት ሲጣራ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ወፍራም ዘይት ይወጣዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብል እንዳይበላቸው ተብሎ በሕንድ ሻሎች መካከል ይደረግ ስለነበር፣ አውሮፓውያን ጠረኑን የለመዱት ከሻሎቹ ጋር ነው።

ኮኮ ማድሟዜልን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ቀማሚ ዣክ ፖልዥ ነው። ብርቱካንና ቤርጋሞት ይቀድማሉ፤ ጽጌረዳና ጃስሚን ይከተላሉ። ፓቹሊው አፈር አፈር ማለቱ ተቀንሶለት ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ስለገባ፣ ፍሬው ከመጣፈጥ ይልቅ ቆምጠጥ ይላል።

ላ ቪ ኤ ቤል በ2012 ሲወጣ ከሦስቱ ቀማሚዎች አንዱ የዣክ ልጅ ኦሊቪዬ ፖልዥ ነበር፤ ሌሎቹ አን ፍሊፖና ዶሚኒክ ሮፒዮን ናቸው። ልጁ በኋላ በሻኔል የአባቱን ቦታ ተረክቧል። እዚህ ፍሬው ብላክከራንትና ፒር፣ አበባው አይሪስ፣ ጃስሚንና የብርቱካን አበባ ነው። ቫኒላውና በስኳር የነፈረ ለውዝ የሚመስለው ፕራሊን ጎልተው ይወጣሉ፤ የፓቹሊው ሥራ ጣፋጩ እንዳይሰለች ከሥር መያዝ ነው።

ይህ የፓቹሊው ልዩነት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይታወቅም።

ስለዚህ ለማወዳደር አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ የእጅ አንጓ ላይ አንዴ ይረጫል፤ አንጓና አንጓ አይታሹም። ኮኮ ማድሟዜል በቀለል ያለው ኦ ደ ቷሌትም በኦ ደ ፓርፋምም ስለሚሸጥ፣ ቀላሉን ከሌላው ወፍራም ጋር ማወዳደር ፍርድ ያዛባል። ሱቁ ፉሪ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ቤት ቡና ሲቆላ ከጎረቤቱ እጣን ይጨሳል። በውጭ አገር መደብሮች አፍንጫ ያድሳል ተብሎ የቡና ፍሬ በብርጭቆ ይቀርባል፤ በጥናት ሲፈተሽ ግን ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ደንበኛዋ ትንሽ ወጣ ብላ ተናፍሳ ብትመለስ ይበልጣል።

ከሰዓታት በኋላ ኮኮ ማድሟዜል በተረጨበት አንጓ ደረቅ የእንጨት ጠረን ይቀራል፤ በሌላው ቫኒላው ገና ያውዳል። ሻጩ መልስ የሚሰጠው ያኔ ነው፤ እሱም «የት ልትሄጂበት ነው?» ብሎ ጠይቆ። ጠዋት መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ተጨናንቃ ከለቡ ወደ ሜክሲኮ ለምትወጣ ሴት ኮኮ ማድሟዜልን ያቀርባል፤ እዚያ ውስጥ የሌላው ጣፋጭነት አጠገቧ ለተቀመጠው ይከብዳል። ለጥር ሰርግ ማታ ግን ላ ቪ ኤ ቤልን ያነሳል፤ ብርዱ የሽቶውን ትነት ስለሚያዘገየው ጣፋጩ ይለዝባል፣ ሁለቴ ቢረጭም አይበዛም።